ያልተነበበችው ወረቀት

በሐይቅ ዳሯ የስዊድን መንደራችን አባቴን ኤቨርትን የሚያማ ሰው አልነበረም። አናጢ ነበር፤ የምንኖርበትን ቀይ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በእጁ ሠርቶታል። እነዚያ እጆች መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ሐኪሙ ክኒን አዘዘለት፤ መንቀጥቀጡም ጋብ አለ። ደስታችን ወሰን አጣ... ምን ይዞብን እንደመጣ ማን ነግሮን?

እሑድ እሑድ የሳምንቱን ክኒን ሰባት ክፍል ባላት ትንሽ ሣጥን የምደረድርለት እኔ ልጁ ማይ ነበርኩ። በየወሩ የሚመጣውን ካርቶንና በውስጡ የታጠፈችውን የመድኃኒቱን መግለጫ ወረቀት ሳላነብ፣ ወዲያው የወረቀት ቆሻሻ ከሚለይበት በርሜል እጨምራለሁ። አንድ ቀን አባባ "እስቲ አሳዪኝ፣ ምን ይላል?" ብሎ እጁን ዘረጋ። "ተወው አባባ፣ አንተ እንደሆንክ ያነበብከው በሽታ ሁሉ ይይዝሃል" አልኩት። ሳቀ። ምነው ያን ጊዜ አፌ በተያዘ!

ዓመት ሳይሞላ፣ ሎተሪ እንኳ ቆርጦ የማያውቀው ሰው በፈረስ ውድድር ቁማር ተለከፈ። ጀልባውን ሸጠ፤ የአናጢነት መሣሪያዎቹን ሸጠ፤ እናቴ ከእናቷ የወረሰቻቸውን የብር ማንኪያዎች ሰርቆ ሸጠ። እናቴ ጉንቮር አልጮኸችም። ጫማውን አውጥታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችለት። አባባ ጫማውን አጠለቀና ወደ እኔ ዞረ።

"ማይዬ፣ ምን እንደነካኝ እኔም አላውቅም።"

እኔስ ምን ብዬ መለስኩለት? "ሌባ" አልኩት።

ከቤት በወጣ በሁለተኛው ክረምት፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሰጠው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞቶ ተገኘ። የክኒን ሣጥኗ ከራስጌው ነበረች፤ የሐሙስ ክፍሏ አልተከፈተችም።

ከቀብሩ በኋላ ነው ጋዜጣ ላይ ያነበብነው፤ ያ ክኒን አንዳንዱን ሰው ቁማርተኛ ያደርጋል። ሄድቪግ የምትባል ጠበቃ ዘንድ ሄድን። በመድኃኒት ለተጎዱ ካሣ ከሚከፍለው መድን መጠየቅ፣ ወይም አምራቹን ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚቻል አስረዳችን። እናቴ ግን ገንዘብ አልፈለገችም፤ የፈለገችው ኤቨርት ሌባ እንዳልነበረ የሚናገር ፍርድ ነበር። ኩባንያው "አስጠንቅቀናል፣ በየካርቶኑ ወረቀት አለ" ብሎ እንደሚከራከር ጠበቃዋ ነገረችንና እኔን አየችኝ።

"ወረቀቱ አልነበረም ካልሽ ጉዳያችን ጠንካራ ነው። ነበረ?"

እናቴ እጄን ይዛለች። አንዲት ቃል ብዋሽ የአባቴ ስም ይነጻል... ግን በስሙ ላይ ሌላ ስርቆት ልጨምርበት?

"ነበረ። የጣልኩት እኔ ነኝ።"

ሄድቪግ ብዕሯን አስቀመጠች። አውቶቡስ ማቆሚያው ስንደርስ እናቴ "ጫማውን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ" አለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ክሱ አልተሳካም። ለሙታን ሻማ በሚበራበት የኅዳር ቅዳሜ ያቺን ወረቀት ከፋርማሲ ለምነን መቃብሩ ዘንድ ሄድን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችለት፦ "ቁማር የመጫወት ብርቱ ፍላጎት ካደረብዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ።" ከዚያ ወረቀቷን አጥፋ ከሻማው ሥር አኖረች።

ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገር ከሰማይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። የአባቴ ዕጣ ግን በየወሩ ታጥፎ እጄ ላይ ይደርስ ነበር... በየወሩም እጥለው ነበር።