ዩሪያ የበላው ቅጠል

ፍቅር ሁልጊዜ በጣፋጭ ቃል አይጀምርም፣ ልጆቼ። የእህቴ ልጅና የማዳበሪያ ሻጩ የጀመሩት በስድብ ነው።

አባቷ፣ «ማዳበሪያ መሬቴን ሱሰኛ አደረገው፤ ካልሰጡት አይሰጥም» እያለ ሲያማርር፣ «በቆሎውን ለእኔ ተውልኝ፤ በብስባሽ አድነዋለሁ» አለችው።

«ዘንድሮ ካማረልሽ ማሳው ያንቺ ነው። ካላማረ ለትራክተር ባለቤቱ አከራየዋለሁ፤ አንቺም ከተማ ሄደሽ ሥራ ፈልጊ» ብሎ ቁርጡን ነገራት።

የሻጩ ሱቅ ከማሳው ማዶ ነው። ባለፈች ቁጥር ይለክፋታል።

«የእበት ንግሥት! ሽታሽ ቀድሞሽ ደረሰ።»

«የእኔስ ታጥቦ ይለቃል። አንተ ገበሬ የበዘበዝክበት እጅህ በምን ይለቃል?»

እንዲህ ተሰዳድበው ሲለያዩ ግን ዓይኑ እስክትታጠፍ ይከተላታል። እሷም ያላየች መስላ ታየዋለች።

በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ቢጫ ሆነ። ቸኩላ የብስባሹን ገለባ በደንብ ሳይበሰብስ ነበር ከአፈሩ ያደባለቀችው፤ ጥሬ ገለባ ደግሞ እስኪበሰብስ የሰብሉን ምግብ ይሻማል። አባቷ ጊዜ አላጠፋም፤ የትራክተር ባለቤቱን ጠርቶ ማሳውን አስለካው።

በዚህ መሃል አንድ ጠዋት ቅጠሉን እሳት እንደላሰው ሆኖ አገኘችው። በቅጠሎቹ መሃል ነጫጭ የዩሪያ ማዳበሪያ ፍሬ ተሰንቅሯል። አንዱን አገዳ ነቅላ ሱቁ ገባችና ደረቱ ላይ ወረወረችበት።

«ጨርሰህ ልትገድልብኝ ነው?»

ቀልዱ ሁሉ ጠፋው። «ልረዳሽ ነበር። ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ ብዬ ተደብቄ ገባሁ። ሰው እንዳያየኝ ስጣደፍ ከላይ በተንኩት።»

«ዩሪያ ቅጠል ላይ ይበተናል? አንተ ሻጩ?»

«አይበተንም።»

«ታዲያ ምን አገባህ በእኔ ማሳ?»

የተወረወረበትን አገዳ ከመሬት አነሳ።

«ማሳው ከተከራየ ከተማ ትሄጃለሽ» አለ። «አንቺ ከሄድሽ ማንን እሰድባለሁ?»

ፊቷ ቀላ፤ ድምፅዋ ግን አልለዘበም። «ተነሥ! ያቃጠልከውን አብረኸኝ ታቀናለህ።»

እሱ በየአገዳው ጎን አፈሩን እየጫረ ዩሪያውን ቀበረ። እሷ በደንብ የበሰለውን ብስባሽ እያለበሰች ተከተለችው። አባቷ ከዳር ቆሞ ሁለቱንም ሲራገም ዋለ።

ዝናብ ጣለ። የተለበለበው ቅጠል እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ከመሃሉ ግን ጥቁር አረንጓዴ አዲስ ቅጠል ወጣ። አዝመራው ሲሰበሰብ የትራክተር ባለቤቱ መጣ፣ ክምሩን አየና ስለ ኪራዩ ሳይጠይቅ ተመለሰ። አባቷም እየከበደው፣ «በይ፣ ያንቺ ነው» አላት።

በሳምንቱ ሻጩ ለትዳር ሊጠይቃት መጣ። አባቷ ከማሳው ዳር አስቆመው።

«በቆሎዬን ያቃጠልክ፣ ልጄን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?»

ሻጩ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን በማሳው መሃል ዶማዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ማሳው የእኔ ነው ብለሃል። ማን እንደሚገባበት የምወስነው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረችና፣ እንደተቆጣች፣ «ግባ!» አለችው።