የተለጠጠው ተራራ

ኔሊ አራንጎ ከስብሰባ አዳራሹ የብረት ደረጃ ሥር ማጅራቷ ተሰብሮ ተገኘች። የኮሎምቢያዋ ተራራማ ከተማ ማኒሳሌስ እንደ ልማዷ ታካፋለች፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት «አዳልጧት ነው» ብለው ሊያሳርጉ ተቻኩለዋል። መርማሪዋ ኦፌሊያ ቡይትራጎ ግን ከሟቿ ሸሚዝ የተበጠሱ ሁለት ቁልፎች ከደረጃው አናት ላይ አገኘች። የወደቀ ሰው ቁልፉን ጨብጠው ካልበጠሱበት በቀር ከላይ ትቶት አይወርድም።

ኔሊ ለቤቶች ግንባታው ድርጅት ስላይድ የምታዘጋጅ ነበረች። በማግስቱ ከተራራው ግርጌ ለተሠሩት ሠላሳ አራት ቤቶች ቁልፍ ሊታደል ነው። እሷ ደግሞ «ተራራው ይናዳል፤ ሰው ያልቃል» ብላ በፎቶ ልታሳይ ተነስታ ነበር።

ጸሐፊዋ ግራሲዬላ እያለቀሰች ተናገረች።

«ስልኳን አቁማ ስላነሳችው ፎቶው ጠባብና ረጅም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስላይዱ ውስጥ ስታስገባው አጠገቧ ነበርኩ። ግራና ቀኙ ባዶ ቀረ። ‹ኧረ ወደ ጎን ሳቢውና ይሙላ፣ ያስጠላል!› ብላት፣ ‹ፎቶ ሲለጠጥ ይዋሻል› አለችኝ።»

ኦፌሊያ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ተራራው ሥር የቆመው ብስክሌት ጎማው የእንቁላል ቅርጽ ይዟል፤ ተራራው ራሱ ሕፃን የሚንከባለልበት መስክ መስሏል።

«ዶን ኤቬሊዮ፣ አስከሬኑን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ የኔ እመቤት፣ አስር ሰዓት ላይ። ኮምፒውተሩን ከድኜ ለፖሊስ ሰጠሁ» አለ ሽማግሌው ዘበኛ።

«ስምዎ ቤት ከሚያገኙት ዝርዝር ውስጥ አለ።»

«ሠላሳ ዓመት በሰው በረንዳ ኖሬያለሁ! ተናድጄባታለሁ፣ አልዋሽም። ግን እኔ ይህን ዕቃ ከመክደን ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ዋናው መሐንዲስ ዊልማር ኦካምፖ ኮስተር ብሎ ገባ።

«ቀኑን ሙሉ ተራራው ላይ ስለካ ነው የዋልኩት። ሪፖርቴን አስራ አንድ ሰዓት ላይ አስገብቻለሁ፤ ቁልቁለቱ ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው። ሕጉ እስከ ሠላሳ ይፈቅዳል።»

«የኔሊን ፎቶስ አይተውታል?»

«የምን ፎቶ?»

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ! ኦፌሊያ በማግስቱ ማለዳ ቀያሽ ይዛ ተራራው ላይ ወጣች፤ ከዚያ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«ቀያሹ አርባ አምስት ዲግሪ ለካ» አለች። «ታዲያ ሃያ ሦስት ከየት መጣ?»

ማዕዘን የሚለካበትን የተማሪ ፕሮትራክተር አውጥታ የተለጠጠው ፎቶ ላይ አሳረፈች። ሃያ ሦስት። ፎቶውን ወደ ትክክለኛ ልኩ መልሳ ደግማ ለካች። አርባ አምስት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቶው ልኩን እንደ ጠበቀ ነበር። ከአስር ሰዓት በኋላ በፖሊስ እጅ ነው። የለጠጠው ሰው በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ እዚህ ነበር። ሃያ ሦስት የሚባል ቁልቁለት ተራራው ላይ የለም፤ ያለው በዚህ በተለጠጠ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ኢንጂነር፣ ሪፖርቱና ፎቶው እንዲስማሙልዎ ከዚሁ ለክተው ጻፉት። ኔሊ ደረሰችብዎ፤ ገፈተሯት።»

ኦካምፖ ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

«አንድ ፎቶ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ለአንድ ፎቶ ብላ ሥራዬን ሁሉ ልታፈርስ!»

ይዘውት ወጡ። ግራሲዬላ ፊቷን ሸፍና ተከተለች። ኤቬሊዮ አልተነሳም።

«እንግዲህ የኔ ቁልፍስ?»

«ቤቶቹ ይፈርሳሉ፣ ዶን ኤቬሊዮ። ሕይወትዎ ይበልጣል።»

«ሕይወት?» ሽማግሌው ተነስቶ ባርኔጣውን ደፋ። «የቱን ሕይወት አይተሽብኝ ነው? እሱም፣ ያቺም ሟች፣ አንቺም፤ የእጃችሁን ይስጣችሁ!»

ኦፌሊያ ሥራዋን በትክክል ሠርታ እንዲህ የተረገመችበት ቀን አልነበረም።