የአጥንቴ ፍላጭ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ ግን ጎኔን በነካሁ ቁጥር አምናለሁ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል። ባልደረቦቼ ምሳ ወጥተዋል።

ሥራዬ የአጥንት ጥንካሬ መለካት ነው። ታካሚው ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ይተኛል። የማሽኑ ክንድ ቀስ ብሎ በላዩ ያልፍና በትንሽ ጨረር የአጥንቱን ምስል ያወጣል። አያምም። ድምፁም ከትንኝ አይበልጥም።

ያን ቀን ታናሽ እህቴ እናታችንን ደግፋ አመጣቻት።

«ቀስ በይ፣ የአጥንቴ ፍላጭ» አለቻት እማዬ።

እሷን ነው። ሁልጊዜም እሷን። እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

እማዬን አስተኛኋት።

«በቁሜ ልትገንዢኝ ነው እንዴ?»

«አትንቀሳቀሺ፣ እማዬ።»

ክንዱ አለፈ። ምስሉ መጣ...

ከግራ ዳሌዋ አጥንት ላይ ቁራጭ ጎድሏል። ስብራት አይደለም። እንጨት በመጥረቢያ እንደሚፈለጥ... ጥርት ያለ።

«ወድቀሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

ማሽኑን ጠዋት ፈትሼው ደህና ነበር። ቢሆንም እህቴን፣ «እስቲ አንቺ ተኚበት፤ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አልኳት። «ብረት ነገር አውልቂ።»

«ቀለበቱ እምቢ ይላል፣ እትዬ። እማዬ ካደረገችልኝ ጀምሮ ወልቆ አያውቅም።»

የእማዬ ቀለበት። ለታላቂቱ ይሰጣል ብዬ ስጠብቀው የኖርኩት።

«እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊው» አልኩ።

የእህቴ አጥንት ጠንካራ ነው። ከግራ ዳሌዋ አጠገብ ግን... አንድ ትርፍ ቁራጭ አለ።

ሁለቱን ምስሎች አስጠጋኋቸው።

ልክክ አሉ።

እህቴ ጫማዋን ልታጠልቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ዞር ስል እማዬ ከኋላዬ ቆማለች።

«አየሽው?» አለች በሹክሹክታ።

«ምንድን ነው?»

«የሰጠኋት ነዋ።»

መፍራት ነበረብኝ። ቅናቱ ግን ቀደመ።

«ለእኔስ?»

«አንቺ መች ጠየቅሽኝ?»

«ይኸው ጠየቅኩ።»

ጠጋ አለችኝ። ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ... እንደ ደረቅ ጭራሮ።

«እሺ፣ የአጥንቴ ፍላጭ።»

እኔን ነው ያለችው። እኔን።

ስትወጣ ታነክስ ነበር። እኔ ግን... ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታዬ እስከ እራት እንኳ አልቆየም። ማዕድ ላይ እማዬ የእህቴን እጅ ይዛ፣ ቀለበቱን ጣቷ ላይ እያዞረች ትስቃለች። ጎኔን ቆረጠመኝ።

ቀለበቱም ለእኔ ይገባ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቃል አልተነፈስኩም። ማሰብ ብቻ።

በማግስቱ ባልደረባዬን «ለካኝ» አልኩትና ተኛሁ።

ክንዱ አለፈ። ባልደረባዬ ቀልደኛ ነው። ያን ጊዜ ግን ፊቱን ወደ ምስሉ አስጠጋ...

«ብረት አውልቂ አላልኩሽም?»

«አውልቄያለሁ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ቀለበት ነው?»

ተነስቼ አየሁት። ከዳሌዬ አጠገብ የእማዬ ፍላጭ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ቀጭን የጣት አጥንት... ቀለበት ያጠለቀ።

ጠረጴዛው ላይ ስልኬ መጮህ ጀመረ። እህቴ ናት።

አላነሳሁትም።

ምስሉ ላይ ያለው ጣት ቀስ ብሎ ሲታጠፍ እያየሁ ነበር... ነይ ብሎ እንደሚጠራ ሰው።