የዘጠነኛው ዘፈን መጨረሻ

ያን ጊዜ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እንግዲህ ልጅ አይደለሁም፣ በቀላሉ የምደነግጥ ሰውም አይደለሁም። ታውስዞርኽ በሚሉት ሥራ፣ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በመንከባከብ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፣ የሞተ ሰው አጥቤያለሁ፣ ብቻዬን ከሬሳ ጋር ተቀምጬ ሐኪም ጠብቄያለሁ፣ አንድም ቀን ኮሽ ያለብኝ ነገር የለም። በቤተ ክርስቲያናችን እንኳ አንዷ ተነሥታ "ድምፅ ሰማሁ" ስትል፣ እኔ በሆዴ "ጎረቤትሽ ይሆናል እህቴ" የምል ነበርኩ።

ልጄ ሩት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ሙርዋይክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ሁለታችን ነን፣ እሷ ጊታር ትጫወታለች። መዝሙር መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፣ ዴዝ ሜታል የሚሉት ነው፣ ዘፋኙ እንደ ታነቀ በሬ የሚያጓራበት። ዘፈኖቹን የምትደርሰው እሷ ናት፣ ለአልበማቸው ስምንቱን ጨርሳ ዘጠነኛው ብቻ መጨረሻ አጥቶ ቀርቶባት ነበር። "እማ፣ ትራሹ ሩጫ ነው፣ ግሩቩ ደግሞ ከባድ እርምጃ" ብላ አስረድታኛለች፣ "ይሄኛው ይሮጣል ይሮጣልና የሚረግጠው መሬት የለውም።" ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃት "ስለ አያቴ" አለችኝ፣ "ምንም ስላልነገርሽኝ ሰውዬ።" ምን ልንገራት፣ አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው፣ ነጋዴ ነበር ሲባል ከመስማት በቀር እኔስ ምን አውቃለሁ።

ለእኔ ግን የታየኝ የልጄ ልፋት አልነበረም፣ በሞት ስም የተጠራ ነገር ሊወስድብኝ መሆኑ ነው የታየኝ። እናም ጥፋት ሠራሁ። ሐሙስ ዕለት፣ እሷ በሌለችበት የጸሎት ቡድናችንን ጠራሁ፣ ጊታሩ ላይ እጅ ጫንን፣ የተጸለየበትን ዘይት ከአንገቱ እስከ ሆዱ ቀባነው፣ ክሮቹን ሳይቀር።

ሩት ገና ከበር ሸተታት።

"እማ፣ ጊታሬን ልትጠብሺው ነው?"

"ጸለይንበት እንጂ ምን አደረግነው።"

"ክሮቹ ሞተዋል። ታፍኖ ዱፍ፣ ዱፍ ነው የሚለው።" አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሰኞ ሮተርዳም ልንቀዳ ነው፣ ቅዳሜ እዚያው የምከራየው ክፍል አያለሁ። ክላር።" አለቀ ማለቷ ነው። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እሷ ሮተርዳም ናት፣ እኔ ወጥ ቤት ድንች እልጣለሁ፣ ከክፍሏ ድምፅ መጣ። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ቀለል ያለ እንጨት በክር ላይ እንደሚንሸራተት ሺው ይላል፣ እንደገና ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። ተመልሳ ነው ብዬ "ሩት፣ ምሳ በልተሻል?" አልኩ። ድምፁ አላቋረጠም፣ ጭራሽ ከወለሉ ሥር ይሰማኝ ጀመር፣ ተራ በተራ፣ አንዴ ከግራ እግሬ፣ አንዴ ከቀኝ። ጎረቤት ነው እንዳልል ከታች ያሉት ሽማግሌ ሆስፒታል ከተኙ ሳምንታቸው ነው። ቢላዋውን እንደያዝኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩት፣ ማንም የለም። ጊታሩ መቆሚያው ላይ ነው፣ የማጉያው ገመድ ከሶኬት ተነቅሏል፣ ወፍራሙ ክር ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እመኑኝ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ሲርገበገብ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣቴን ጫንኩበት፣ ቆመ። ክሩ ሞቆ ነበር።

ማታ ሩት ሻንጣዋን ልትወስድ ስትመጣ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ተቀምጬ፣ ለካ ጣቴ ጠረጴዛውን ይመታል።

"ምንድነው እሱ?"

"ምኑ?"

"የምትመቺው። እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩት፣ ማረፊያው ሳይቀር። ጃኬቷን ሳታወልቅ ስልኳን አውጥታ ቀዳችው። "መጨረሻው ይሄ ነው፣ እማ። ከየት አመጣሽው?"

"ካንቺ ክፍል" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፣ ሻንጣው ግን ከቤት አልወጣም።

አልበሙ ከወጣ በኋላ አንድ እሑድ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ከአምስተርዳም ኖርድ መጡ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው፣ ሩት ግን "ዘነቡ፣ ነይ ስሚልኝ" ብላ ዘጠነኛውን ከፈተችባቸው። ዘፋኙ ማጓራት ሲጀምር "ይሄን ልጅ ሐኪም አይቶታል?" አሉ፣ ሳቅን። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ከጠረጴዛው ሥር የእትዬ እግር መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደሚረግጥ ሰው።

"ማን ነገራችሁ?" አሉ።

"ምኑን፣ እትዬ?"

"ሦስቴ መትቶ ያርፍ ነበር፣ ደረቱን ስለሚያመው።" ወደ እኔ ዞሩ። "አባታችን ነጋዴ አልነበረም፣ ሸማኔ ነበር። እኔ የሸማኔ ልጅ እየተባልኩ ነው ያደግሁት፣ ማዕድ እየለዩብኝ፣ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።"

እኔ ዛሬም የሩትን ክፍል ሳጸዳ ያንን ወፍራም ክር አልነካም።

በሳምንቱ እትዬ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመልሰው መጡ። የአባታችን መወርወሪያ ነው፣ ማጉን ወዲያና ወዲህ የሚያሳልፍበት፣ ያን ሁሉ ዘመን ለማንም ሳያሳዩ ከአገር አገር ይዘውት ዞረዋል። የሩትን የጊታር ሳጥን ከፈቱ፣ ውስጡ አስቀመጡት፣ ክዳኑን ዘጉ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ባቡራቸው ሄዱ።