ለእትዬ ዘርፌ የመጣው ቴሌግራም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ከፈለግህ ሰፈራችን ገብተህ ጠይቅ፣ ልጆች ሆነን ወንዝ ዳር ጋኔን አለ ሲሉን ድንጋይ ይዤ «ወንድ ከሆንክ ውጣ!» እያልኩ የምሳደበው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይሄን ስነግርህ «ልጁን ነካ አድርጎታል» ብለህ እንዳታልፈኝ፣ ካላመንክም መብትህ ነው፣ አላስለምንህም።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ከአስተማሪ ጋር ተሰዳድቤ ተባርሬ ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ተላላኪ ሆኜ ገብቻለሁ። አለቃዬ ጋሽ ምናለ ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሳቸውና እኔ ብቻ፣ እሳቸው ቴሌግራሙን በስልክ እየሰሙ ይጽፋሉ፣ እኔ አደርሳለሁ፣ ኋላ ጽሕፈቴን ወደዱትና እኔንም መቀበል አስተማሩኝ። አሠራሩን ልንገርህ፣ ያልተላከውም ያልታደለውም ቴሌግራም ግድግዳው ላይ ባለ ረጅም ሚስማር ላይ በተራው ይሰካል፣ ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳሯ ኦፕሬተር ትደውልና «ምን ምን ቆሟል?» ትለናለች፣ ሳይላክ ወይም ለባለቤቱ ሳይደርስ የቀረውን ማለቷ ነው፣ እኛ ከሚስማሩ እየገለጥን እናነብላታለን፣ እሷ መልሳ ታነብልናለች፣ «ትክክል» እንላታለን፣ በቃ። አንዴ «ትክክል» ካልክ ጣጣው ያንተ ነው፣ አልሰማሁም ነበር ማለት የለም።

የመርዶ ቴሌግራም ግን ሌላ ነው፣ እሱ ለባለቤቱ እጅ በእጅ አይሰጥም፣ ማን ጨካኝ ይሰጣል? ጽሕፈቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሰካል፣ ለንስሐ አባት ይነገራል፣ እሳቸው ጎረቤት ሰብስበው ንጋት ላይ ሄደው ያረዳሉ።

እና እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ደምሴ፣ ከኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረ፣ በሬ ሊሸጥ ገበያ እንደወጣ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት፣ ሊሸጥ ያመጣው በሬ ብቻውን ቤት ገባ፣ ይሄን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል። እሳቸው ታዲያ በየቀኑ ከሰዓት ይመጡና ስልክ ቤቱ ታዛ ሥር ይቀመጣሉ። በዚያ ሰሞን አስመራ ካለው የአክስቱ ልጅ ቴሌግራም መጣ፣ የተቀበሉት ራሳቸው ጋሽ ምናለ ናቸው፣ «ደምሴ አርፏል። ለእናቱ በዘዴ ንገሩ» ይላል። ዞሮ ተሰካ። አባ ወልዴ፣ የንስሐ አባታቸው፣ በሦስተኛው ቀን ንጋት እንደሚያረዱ ቆረጡ።

የምነግርህ ነገር የሆነው በመካከል ባለችው ቀን ነው። ሐምሌ ነው፣ ሌሊቱን ነፋስ ሲያምሰው አድሮ ጠዋት መስመሩ ሞቶ አገኘነው፣ ጋሽ ምናለ ሽቦው የተቆረጠበትን ሊፈልጉ በጋፋት በኩል ወጡ። ጉሙ ደጁን ድምጥማጡን አጥፍቶታል፣ እትዬ ዘርፌ ግን መጡ።

«ዛሬም የለም?»

«መስመሩ ሞቷል እትዬ፣ ምንም አይገባም፣ ጉሙ ሳይብስ ቢሄዱ ይሻላል።»

«ቤትስ ማን አለኝ ብለህ ነው፣ እዚህ ይሻለኛል። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ዓይናቸውን ማየት አቃተኝና በሩን ዘጋሁት። እሳቸው ታዛው ሥር ሲስሉ ይሰማኛል፣ የቆርቆሮው ጠብታ ይሰማኛል፣ ሌላ ምንም የለም። ድንገት ስልኩ ጮኸ፣ ያውም እንደ ወትሮው አይደለም፣ አንዴ ጮኸና ሁለተኛውን ግማሽ ላይ ተወው፣ አንድ ሰው ደወሉን በእጁ እንደያዘው ነገር። ጋሽ ምናለ ቀጥለውት ይሆናል ብዬ አነሳሁ።

እመነኝ፣ ያ መስመር ሁልጊዜ ቆሎ እንደሚታመስ ይንጣጣል፣ የዚያን ቀን ጭጭ፣ ሰውዬው አጠገቤ የቆመ ይመስላል። አዎ ሰውዬው፣ የባሕር ዳሯ ልጅ አይደለችም፣ ንግግሩ የኛው አገር ሰው ነው። የደምሴ ድምፅ ነው ብዬ አልምልም፣ አይደለምም ብዬ አልምልም።

«ምን ምን ቆሟል?» አለኝ።

አዲስ ኦፕሬተር ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ የማዳበሪያውን፣ ሠርጉ ተዛውሯል የሚለውን፣ ጭነቱ የዘገየበትን የጨው ነጋዴ። የዞረው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ደምሴ አርፏል» ብዬ አነበብኩ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«እሷ እዛ ናት?» አለኝ።

«ማ?»

«ታዛው ሥር ያለችው። ብርድ ነው እኮ፣ አስገባት።»

ዞሬ በሩን አየሁት፣ እንደዘጋሁት ነው። እሱ ቀጠለ፣ «መልሼ ላንብብልህ» አለና ማዳበሪያውን፣ ሠርጉን፣ ጨው ነጋዴውን፣ አንድ ቃል ሳይስት አነበበ፣ መርዶው ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ አለ፣ «ለወይዘሮ ዘርፌ። እየመጣሁ ነው። በሩን እንዳትዘጊው። ትክክል ነው?»

እኔ ደግሞ፣ ልምድ ነዋ፣ ምላሴ ከኔ ቀድሞ «ትክክል» አለ።

ዘጋው።

ወደ ሚስማሩ ዘልዬ ሄድኩ፣ ወረቀቱ እንዳለ ነው፣ «አርፏል» ነው የሚለው። በሩን ከፍቼ እትዬ ዘርፌን አስገባኋቸው፣ «ምነው ፊትህ?» ቢሉኝ «ብርዱ ነው» አልኩ። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ምናለ ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡ፣ ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ሽቦ አለ።

«ደከምኩ! ዛፍ ወድቆ ሁለት ምሰሶ ጥሏል፣ ነገም የሚቀጠል አይመስለኝም።»

«ከምሰሶው ላይ ደውለው ነበር?» አልኳቸው።

«በምን? የመሞከሪያውን ስልክ ረስቼው ሄጄ!» እውነት ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

እትዬ ዘርፌ ሲሄዱ ጠብቄ ለጋሽ ምናለ ሁሉን ነገርኳቸው። «አንተ ምላሳም፣ አዝነህላቸው የፈጠርከው ነው» ብለው ጮኹብኝ። እኔም ጮኽኩ፣ «ትክክል ብያለሁ! ነገ ቢያረዷቸውና ልጁ በር ላይ ቢቆምስ? እርስዎ ይመልሱልኛል?» ስንጨቃጨቅ አባ ወልዴ ደረሱ፣ ለሳቸውም ደገምኩት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሚስማሩ ቀረቡና ወረቀቱን ገልጠው አነበቡት።

«ከሰይጣንም ይሁን ከእግዜር አላውቅም» አሉ። «እኔ ግን ተጠራጥሬ እናት አላስለቅስም። አስመራ ያለውን ልጅ ጠይቁልኝ፣ እስኪመልስ አላረዳም።»

መስመሩ እንደተቀጠለ ላክንለት። መልሱ መጣ፣ «እኔ ቴሌግራም አልላክሁም። ደምሴን ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም። ምን ሆነ?» ይላል። ጋሽ ምናለ የባሕር ዳሯን ልጅ ጠየቋት፣ እሷም የመርዶ ቴሌግራም አላስተላለፍኩላችሁም አለች። ስልኩን አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ያን ቀን» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «መርዶውን ስቀበል፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ከዚያ ወዲህ ደምሴ አልመጣም፣ ሞቷል ያለም የለም። አባ ወልዴ አላረዱም፣ ጋሽ ምናለ «ያልታደለ ቴሌግራም አይነቀልም» ብለው ሚስማሩን አልነኩም፣ እኔም እጄን አልሰደድኩም፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እትዬ ዘርፌ ግን መምጣታቸውን አልተዉም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው፣ አግዳሚው ደግሞ ከሚስማሩ ፊት ለፊት ነው። ማንበብ አይችሉም። አንድ ቀን ቀና ብለው አዩትና፣

«ይሄ ዞሮ የተሰካው ሁሌ እዚሁ ነው፣ የማን ነው?» አሉኝ።

«ባለቤቱ አልወሰደውም እትዬ።»

«ኤዲያ! ታዲያ ሄደህ አትሰጠውም? ሰው እኮ ወሬ ሲጠብቅ ነው የሚያልቀው።»

ለአስተማሪም ለካድሬም አፌን የማልዘጋው ሰውዬ፣ ያልጮኸውን ስልክ እንደተደወለልኝ ሆኜ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት።