ሁለት ጊዜ የነጣው ስክሪን

ረቡዕ፣ ተመጋቢ መግባት ሳይጀምር፣ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው የወይዘሮ ዓለምፀሐይ ምግብ ቤት ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ምድጃው ላይ በተፈጨ ለውዝ የወፈረ የጾም ወጥ ይንተከተካል። ከጎኑ ለውዝ ያልነካው ትንሽ ድስት ተጥዷል። ግድግዳው ላይ ትእዛዝ የምትቀበለው ታብሌት በርታለች። ፎቅ ላይ ባለው ቢሮ፣ የትእዛዙን ፕሮግራም የጻፈው ፋኑኤል በሕይወት አለ።

ምሳ ሳያበቃ ፋኑኤል ወንበሩ ሥር ተገኘ፤ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ ቆሞ። ለውዝ ከቀመሰ ጉሮሮው እንደሚዘጋ የሚያውቀው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሳህኑ ላይ የተረፈው ወጥ ደግሞ ለውዝ ነበረበት።

ፖሊስ በፋኑኤል አካውንት የሙከራ ትእዛዝ ላከ። ታብሌቷ ላይ «ለውዝ አይግባበት» የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ወጣ። ማስጠንቀቂያው እያለ ለውዝ ያቀረቡት ወጡን የሠሩት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ናቸው ተባለ፤ ክሱም ለዓርብ ተቀጠረ።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ኢንሳፍን አስጠሩ። ኢንሳፍ ብዙ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠርታ ወደ ግል ምርመራ የገባች፣ ኢስትሌይ ያደገች ሴት ናት።

«ቀይ ጽሑፍ አልነበረም፤ በማርያም!» አሉ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ። «ታብሌቷ ስም አታሳይም፤ 'ፎቅ' ብቻ ነው የምትለው። ቀይ ካለበት ለፋኑኤል ነው፤ ከትንሹ ድስት አወጣለሁ። ቀይ ከሌለበት ለሌሎቹ ነው።»

«በዕለቱ ታብሌቷ ደህና ነበረች፣ እትዬ?»

«ምን ደህና ትሆናለች! ትእዛዝ መጉረፍ ሲጀምር ነጭ ሆነችብኝ። 'ደግሞ አጠፋህብኝ!' ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ። 'እኔ አልነካሁም፣ እትዬ' አለኝ ፋኑኤል። ደንበኛውን ሁሉ እንደገና ስጠይቅ ዋልኩ። ኋላም ልጁ ሞተ ብለን ስንጮህ እንደገና ነጣች።»

ኢንሳፍ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ግን ሻይዋን አስቀመጠች።

ፎቅ ላይ ሚዛን አይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ናይሮቢ ያደገች ፕሮግራመር፣ ከፋኑኤል ጋርም የድርጅቱ ባለድርሻ ናት፤ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ነች።

«ሰኞ ዕለት ከፋኑኤል ጋር ተጣልታችኋል።»

«ሲሪየስሊ? ስለ ዳታቤዝ እኮ ነው! ትእዛዞቹ የትም አይጻፉም፤ ፕሮግራሙ እስከሠራ ድረስ ብቻ ነው የሚቆዩት። የፕሮግራሙን ፋይል ነክተሽ ሴቭ ስታደርጊ ከሥር የሚያስኬደው ፍሬምወርክ ፕሮግራሙን ከዜሮ ያስነሳዋል፣ ትእዛዙ ሁሉ ይጠፋል። ዳታቤዝ እንጨምር ስለው 'ለአንዲት ወጥ ቤት ምን ያደርግልናል' አለኝ። ለዚህ ነው ሴቭ ከማድረጋችን በፊት ወደ ታች የምንጮኸው።»

«ረቡዕስ የት ነበርሽ?»

«ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ደንበኛ ጋ። ስመለስ ነው ያገኘሁት። ለኤልናታን ደወልኩለት… ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ኤልናታን የድርጅቱ ሦስተኛው ባለድርሻ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቃሉም የተተኮሰ።

«እኔ ሥራዬ መሸጥ ነው፤ ኮድ አላውቅም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ጊጊሪ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ፋኑኤል ግን ድርጅቱን አልሸጥም ብሎ ነበር አሉ።»

«ይስማማ ነበር። እርስዎ አያውቁትም።»

ከሰዓት በኋላ ኢንሳፍ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበች። ክሱን የያዘው የፖሊስ መኮንን በሩ ላይ ቆመ። ታብሌቷ ላይ የእራት ትእዛዞች ነበሩ።

«ሚዛን፣ ከፋይሉ አንድ ቃል ቀይሪልኝ።»

ሚዛን ላፕቶፗን ከፈተች። ከመንካቷ በፊት ግን ቀና አለች። «እትዬ፣ ይያዙልኝ!»

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ሳይጠይቁ ጠመኔ አንስተው ትእዛዞቹን ሰሌዳው ላይ ገለበጡ። ሚዛን ሴቭ አደረገች። ስክሪኑ ነጣ።

«እንዴ! ምን ነካው? ማን አጠፋው?» አለ ኤልናታን።

ኢንሳፍ ስክሪኑን አላየችም ነበር። የምታየው እሱን ነበር።

«ረቡዕ ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተነክቷል» አለች። «መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ተሰረዘ፤ ፋኑኤል ከሞተ በኋላ ተመለሰ፣ ጥፋቱ እትዬ ላይ እንዲቀር። ሁለተኛውን ሟቹ ሊያደርገው አይችልም። እትዬ የኮምፒውተሩ ፓስወርድ የላቸውም፤ ያላችሁ ከፋኑኤል ጋር ሦስት ናችሁ።»

«ሚዛንም አላት!» አለ ኤልናታን።

«ሚዛን ብትሆን ማለዳ፣ ስክሪኑ ባዶ ሳለ ታደርገው ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። በምሳ ግርግር መሀል የነካው ሰው፣ ሴቭ ሲያደርግ ታች ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ያንን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን ሁላችንም አየነው።»

«ጊጊሪ ነበርኩ እያልኩሽ!» 'እርስዎ' ማለቱን ረስቶታል።

«የቢሮው ኮምፒውተር ፓስወርድ ካለህ ጊጊሪም ሆነህ ይከፈታል። ሞቱን በስልክ የሰማኸው አንተ ነህ፤ ማስጠንቀቂያው የተመለሰው ከዚያ ጥሪ በኋላ ነው።»

«አንድ መስመር ስለጠፋ ነው ገዳይ የምባለው?»

ሚዛን ቀስ ብላ ዞረች። «አንድ መስመር መሆኑን ማን ነገረህ፣ ኤሊ?»

መኮንኑ እጁን ዘረጋ። ኤልናታን የላፕቶፑን ቦርሳ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀው።

ምርመራው በላፕቶፑ ላይ ረቡዕ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር የተደረጉ ሁለት ግንኙነቶችን አገኘ። ዓርብ ፍርድ ቤት የቀረበው ኤልናታን ነው። የወይዘሮ ዓለምፀሐይ ስም በምስክሮች ተርታ ሰፈረ።