በፍልሰታ የተበላ እንቁላል

«ጠዋት ጠዋት እንቁላል ፍርፍር ነው» አለች ትርንጎ። «በቅቤ። ቃሪያ ጣል ይደረግበታል። ዳቦው ትኩስ ነው፤ ስትቆርሺው ይተናል።»

«ከዚያስ?» አለች ማሬ።

«ረፋድ ላይ ኬክ ቤት እንሄዳለን፣ ፒያሳ። ማኪያቶ የሚባል አለ። ወተትና ቡና ነው፤ ከላይ አረፋ አለው። ከሱ ጋር ቦምቦሊኖ።»

«ቦምቦሊኖ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንቺ ፋራ። በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነው፤ ስኳር ይነሰነስበታል።»

«ምሳስ?»

«ስፓጌቲ በሥጋ። አንዳንድ ቀን ክትፎ።»

ከትምህርት ቤት እየወረዱ ነበር። መስከረም ቢገባም መንገዱ ገና አልደረቀም። ማሬ የሰማችውን በልቧ ደገመችው። እናቷ ዘነበች በደብረ ታቦር አውቶቡስ መቆሚያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ወደ ገሳይና ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፉ መንገደኞች ሻይ ብቻ ጠጥተው ይነሳሉ። ሽሮውን በየቤታቸው ያውቁታል። የአዲስ አበባ ምግብ ቢኖር ግን ይቀመጡ ነበር ብላ ማሬ ታስባለች።

ትርንጎ በነሐሴ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ወንድሟ እሸቴ እዚያ አጎታቸው ጋራዥ ሥራ ይዟል። አባቷ አቶ ወርቁ ለሰው ሁሉ የሚናገሩት ይህንን ነው።

ማሬ ከኪሷ የሽምብራ ንፍሮ አውጥታ ዘረጋችላት። ትርንጎ አየችና ፊቷን አዞረች።

«አልፈልግም።»

«ሽምብራ?»

«ጠግቤዋለሁ አልኩሽ።»

ማሬን ገረማት። ዱሮ ኪሷን የምታራግፍላት ትርንጎ ነበረች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሳህን ታጥባለች። ከበሩ አጠገብ ጥበቡ ብቻውን ተቀምጦ ይበላል። ጥበቡ የቀበሌው ወጣት ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ከአብዮቱ በፊት ዲያቆን ነበር። አሁን እሮብና ዓርብ እንቁላል ያዝዛል፤ የሚቀመጠውም መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። ዘነበች ለእሱ ብቻ የምታወጣው መጥበሻ አላት። በልጅነቱ አፍንጫውን የጠረገችለትን ሰው ዛሬ አንቱ ትለዋለች።

ቀኑ እሮብ ነበር። ማሬ እንቁላሉን አየችና አላስቻላትም።

«እማዬ፣ አዲስ አበባ እኮ በቅቤ ነው የሚሠሩት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ትርንጎ። እሸቴ ጋ ሳለች ጠዋት ጠዋት የሚበሉት እሱን ነው። ምሳ ደግሞ ስፓጌቲ በሥጋ። እኛም እኮ ብንሞክር…»

«መቼ ነበር የሄደችው?»

«በነሐሴ ነዋ።»

ዘነበች እጇን ከውሃው አወጣች። «በፍልሰታ?» አለችና ሳቀች። «ትርንጎ? ያቺ እሮብ ቀን ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳን የማትልሰዋ?»

ማሬ ይህን አላሰበችውም ነበር። ስለ ምግቡ ስታስብ ወሩን ረስታዋለች። ሞኝነቷ አሳፈራትና እሷም ሳቀች።

«እንግዲህ ወይ ገድፋለች፣ ወይ ዋሽታኛለች» አለች።

ጥበቡ የቆረሰውን ዳቦ እንደያዘ መብላቱን ገታ።

«እስቲ የነገረችሽን ድገሚው።»

ማሬ ደገመችው። በመካከል ላይ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ለምን እንደቀነሰ ግን አላወቀችም።

«ፍልሰታን ሕፃን እንኳን ይጾመዋል» አለ ጥበቡ ቀስ ብሎ። «የወርቁ ልጅ አትገድፍም። አዲስ አበባ አልነበረችም ማለት ነው።» ሳህኑን በዳቦው ጠረገ። «እሷ ካልነበረች፣ እሸቴ እዚያ መኖሩን ማን አየ?»

ዘነበች መሳቋን ተወች። በዚያ ክረምት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች እንዲያቀርብ ታዝዟል። የእሸቴ ስም ተጠርቶ ነበር። አቶ ወርቁ ልጃቸው አዲስ አበባ እንደሆነ በሰው ፊት ምለዋል።

ጥበቡ ሲወጣ ማሬ እናቷን አየቻት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ሁለተኛ የሰው ምግብ አትቁጠሪ» አለች ዘነበች፤ ወደ ሳህኗም ተመለሰች። የተቆጣችው በማሬ ይሁን፣ በትርንጎ፣ ወይስ በጥበቡ አልታወቀም።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ማሬ ትርንጎን ከክፍሉ ጀርባ ወሰደቻት።

«በፍልሰታ እንቁላል በላሽ?»

የትርንጎ ዓይን ከማሬ ፊት ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ማሬ ፊት ተመላለሰ።

«በላሁ» አለች በመጨረሻ።

«ገደፍሽ?»

«አዎ፣ ገደፍኩ። ከፈለግሽ ለሁሉም ንገሪ።»

የገደፈ ሰው ይደብቃል እንጂ ንገሪብኝ አይልም። ትርንጎ ደግሞ ባለፈው ዓመት ጉንፋን ይዟት ወተት ጠጪ ቢሏት ጾም ነው ብላ ያለቀሰች ልጅ ናት።

«ለጥበቡ ነግሬው ነበር» አለች ማሬ። «ማለቴ፣ ለእማዬ ስነግራት ሰማኝ። እሱ ግን አላመነም። አዲስ አበባ አልነበረችም አለ።»

የትርንጎ ከንፈር ነጣ።

«ለምን ነገርሽ?»

«ምግብ መስሎኝ ነዋ። ስለ ምግብ ነው ያወራሁት።»

ትርንጎ ግንቡን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። «እሸቴ የነገረኝን ነው የነገርኩሽ» አለች። «እሱ ካቻምና ሲሄድ በዓለ ሃምሳ ነበር። በሃምሳው እሮብም ዓርብም ይበላል። እኔ ምግቡን ሳጠና ወሩን ረሳሁት።» ይህን ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ አንቺ የት ነበርሽ?»

«አዲስ አበባ» አለች ትርንጎ፣ መሬቱን እያየች።

ማሬ ብቻዋን ወደ ቤት ወረደች። ጓደኛዋ ዋሽታታለች። ውሸቱ ሲወጣባት ደግሞ ሌላ ኃጢአት በራሷ ላይ ጫነች። ሰው ከሁለት ጥፋት የከበደውን ለምን ይመርጣል? ልትናደድባት ፈለገች፤ ንዴቱ ግን አልመጣላት አለ።

እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ንፍሮው አለ። አንድ ፍሬ አውጥታ አየችው። እናቷ አንዳንድ ዓመት በፍልሰታ ጣራ ገዳም ወርዳ ሱባኤ ትይዛለች። እዚያ ከሽምብራና ከውሃ በቀር ምንም የለም። ስትመለስ የሽምብራ ሽታ እንኳን አትወድም፤ ንፍሮ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። ልክ እንደ ትርንጎ።

ማሬ መንገድ ላይ ቆመች። በነሐሴ ወደ ገዳሙ ብዙ ሰው ይወርዳል። አንዲት ልጅ ብትወርድ ማንም የት ትሄጃለሽ አይላትም። በገዳሙ ዙሪያ ደግሞ ሰው የሚሰውር ደን አለ። ሐሳቧን እዚያ ላይ ልታቆመው ሞከረች። አልቆመላትም።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ጎረቤታቸው እትዬ አሰለፈች ቆመዋል። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ልጃቸው ሙላቴ ዓምና ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል።

«ከአሥመራ በኩል የመጣ ሰው አላየሽም፣ ማርዬ?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

እሸቴ ቢደበቅ የቀበሌው ቁጥር አይጎድልም። በእሱ ቦታ ሌላ ይሄዳል፤ የሌላ እናትም እዚህ በር ላይ ትቆማለች። እሸቴ ቢያዝ ደግሞ የትርንጎ እናት ይቆማሉ። ማሬ የትኛው ትክክል እንደሆነ አላወቀችም። የምትጠይቀውም ሰው አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ጥበቡ መጣ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዘነበች መጥበሻውን አወጣች። ማሬ ደብተሯን እንደያዘች ሻይ አቀረበችለት።

«ዛሬ ከትምህርት በኋላ ትርንጎን ቀበሌ እጠራታለሁ» አለ። «አንቺም ትመጫለሽ። የነገረችሽን ምንም ሳትቀንሺ ትናገሪያለሽ።»

ማሬ የሻይ ትሪውን አላስቀመጠችም።

«ጓድ ጥበቡ፣ እንቁላሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እሷ እንቁላል አላለችም። ሥጋም አላለችም። እኔ ነኝ።»

«ለምን ብለሽ?»

«እማዬ አዲስ ምግብ እንድትሠራ። አዲስ አበባ እንዲህ ይበላል ካልኳት እሺ የምትለኝ መስሎኝ።»

ጥበቡ አንገቱን አቀና። «ታዲያ እሷ ምን በላሁ አለችሽ?»

«ፉል። በዘይት። ሽንኩርትና ቃሪያ ያለበት። ጠዋት ጠዋት።»

«በፍልሰታ ጠዋት ፉል?» ጥበቡ ፈገግ አለ። «ቅዳሴ ሳይወጣ?»

የጾሙን ሥርዓት እሱ ከማሬ ይበልጥ ያውቃል። ትሪውን ከደረቷ ጋር ያዘችው።

«ቅዳሜና እሁድ ነው» አለች። «ቅዳሜና እሁድ ቅዳሴው በጠዋት ነው። ሲወጡ ረፋድ ይሆናል፤ ያኔ ነው ፉሉን የሚበሉት። በሌላው ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ስፓጌቲ በቲማቲም። የምስር ሳምቡሳም አለ።»

ጥበቡ ትኩር ብሎ አያት። ውሸት ይፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎት እንደሆነ ከፊቱ አይነበብም።

ዘነበች እንቁላሉን ይዛ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። ማሬ እናቷን ለማየት ፈራች።

«ይቺን ልጅ የሚያስዋሻት ሆዷ ነው» አለች ዘነበች፣ ሳህኑን እያስቀመጠች። «ባለፈው ደግሞ የዳኛው ሚስት ወጥ ውስጥ ስኳር ትጨምራለች ብላኝ ነበር። ጨው ይጨመርልዎት፣ ጓድ?»

«አልፈልግም።» ጥበቡ ዓይኑን ከማሬ ላይ አላነሳም። «ትርንጎን ስጠይቃት ይህንኑ ትላለች?»

«ትላለች።»

«ሌላ ካለች ሁለታችሁም አባቶቻችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ።»

«የእኔ አባት የለም» አለች ማሬ። «እማዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ጥበቡ እንቁላሉን ጀመረና ተወው። ዘነበች ለማሬ በጓሮ በር በኩል እንድትወጣ በጥቅሻ ምልክት ሰጠቻት።

ማሬ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። ጭቃው ጫማዋን ሊያስቀርባት ታገላት። ከእንግዲህ በሰፈሩ የምትጠራው ለሆዷ ስትል የምትዋሽ ልጅ ተብላ ነው። ይህ ታወቃት። ደግሞ እትዬ አሰለፈችን ነገ በር ላይ ስታገኛቸው እንዴት ቀና ብላ እንደምታያቸው አታውቅም። ቢሆንም መሮጧን አላቆመችም።

ትርንጎ ከክፍሉ ጀርባ፣ ትናንት የነበረችበት ቦታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ያበጠ ነው። ማሬን ስታይ ተነሳች።

«ጥበቡ ሊጠራኝ ነው?»

«ዛሬ። ስሚኝ» አለች ማሬ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «እንቁላል ብለሽ አታውቂም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ የበላሽው ፉል ነው። በዘይት። ሽንኩርትና ቃሪያ አለው።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ አንድ ነገር ልትናገር ነበር። ማሬ እጇን አንስታ አስቆመቻት።

«አትንገሪኝ። የት እንደነበርሽ አልጠየቅሁሽም።»

ትርንጎ አፏን ዘጋች።

«በሌላው ቀንስ ምን በላሽ?» አለች ማሬ።

«እኔ እንጃ።»

«ስፓጌቲ። በምን?»

«በሥጋ» አለች ትርንጎ። ወዲያው ዓይኗ ፈጠጠ።

«በቲማቲም።»

«በቲማቲም።»

«ከሱ ሌላስ?»

«ምንድን ነው እሱ? ሳምቡሳ?»

«የምን?»

«የምስር» አለች ትርንጎ።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ወደ ሰልፍ ሮጡ። ማሬ ከጓደኛዋ ጎን ግንቡን ተደግፋ ተቀመጠች።

«እንደገና» አለች። «ከፉሉ ጀምሪ።»